ማህፀን ከተጠረገ በኋላ የቀረው ሥራ፦ ከመንዝ የመጣች እናት የሞላር እርግዝና ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሴቶች ካንሰር ሲነሳ ወሬው በአብዛኛው ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነው። ተገቢ ነው፤ ብዙ እናቶችን የሚጎዳው እሱ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት የተጀመረውም ለዚሁ ነው። እኔ የማጠናው ግን ከእንግዴ ልጅ ስለሚነሳ ዕጢ ነው። ይህ በሽታ ከሌሎቹ የሴቶች ካንሰሮች ያነሰ ቢሆንም ልዩ ጠባይ አለው፦ ሳንባ ድረስ ከተሰራጨ በኋላ እንኳን በመድኃኒት ይድናል፤ ልጅ የመውለድ ተስፋንም አያጠፋም። በእንዲህ ያለ በሽታ እናት ብትሞት ከበሽታው ክፋት ይልቅ የክትትሉ መቋረጥ ነው የሚጠየቀው።

ከዚህ በታች የቀረበው የአንዲት የ27 ዓመት እናት ጉዳይ ነው። ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ የቀበሌዋ ስም እንዳይጠቀስ ግን ጠይቃለች። ማንነቷን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችም ተለውጠዋል።

የታማሚዋ ሁኔታና የመጀመሪያው ሕክምና

የምትኖረው መንዝ ውስጥ ነው። ባሏ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። አንድ ልጅ ወልዳለች። ከቤቷ እስከ መኪና መንገድ በእግር ረጅም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣርማ በር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ቀኑ ያልቃል፤ አዳር የግድ ነው። ይህን መጀመሪያ የምጽፈው በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ ምክንያቱ መንገዱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ እርግዝናዋ ሦስት ወር ሲሞላው ማስታወኩ ከልክ አለፈ፣ ደም መፍሰስም ጀመራት። ሆዷ ከእርግዝናው ዕድሜ በላይ ገፍቶ ነበር። አልትራሳውንድ ሲታይ ፅንስ የለም፤ ማህፀኑ ውስጥ ያለው ፊኛ ፊኛ የመሰለ ብዙ ውኃ የቋጠረ ሥጋ ነው። ሞላር እርግዝና የሚባለው ይህ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማህፀኗ በመሳቢያ መሣሪያ ተጸዳ፤ ደም ተሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። በየሳምንቱ ለደም ምርመራ እንድትመጣ፣ ለጊዜው እንዳታረግዝም የወሊድ መከላከያ ኪኒን እንድትወስድ ተነገራት።

እስከዚህ ድረስ የተሰጣት ሕክምና እንከን አልነበረውም። ማህፀን ማጽዳቱ ግን የሕክምናው ግማሽ እንኳን አይደለም። እንደ እሷ ፅንስ ጨርሶ የሌለበት፣ ሙሉ ሞላር የሚባለው ካለባቸው ሴቶች ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት የቀረው ሕዋስ እንደገና ያድጋል፤ የማህፀኑን ግድግዳ ይበሳል፤ በደም ተጉዞ ሳንባ ይገባል። ማን ላይ እንደሚሆን ከመልኳ አይታወቅም። የሚያሳውቀው ኤች ሲ ጂ የሚባለው ሆርሞን ብቻ ነው። ሆርሞኑን የሚያመነጩት የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ስለሆኑ በደም ውስጥ ያለው መጠን የቀረውን ሕዋስ ብዛት ይናገራል። በየሳምንቱ እየወረደ ከጠፋ ደኅና ነው። ባለበት ከቆመ ወይም እንደገና ከወጣ ሕዋሱ ወደ ካንሰርነት ተለውጧል ማለት ነው።

የተቋረጠው ክትትል

ሁለት ጊዜ መጣች። ሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ እየወረደ ነበር። ከዚያ ነሐሴ ገባ፤ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ ለመሳፈሪያና ለአዳር የሚሆነው ገንዘብም በግ ካልተሸጠ አይገኝም። በየሳምንቱ አንድ በግ የሚሸጥ ቤት መንዝ ውስጥ የለም። ደሙ ቆሟል፣ ማስታወኩ ጠፍቷል፣ ሴትየዋ እህል ትበላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ቤተሰቡ «ድናለች» ብሎ ቢቀር ማን ይፈርድበታል?

ባሏ በኋላ ላይ የጠየቀንን ጥያቄ እዚህ ላስቀምጠው፤ ከዚያ በኋላ ያሻሻልነው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ ልጅ አልነበረም ካላችሁን፣ ከሆዷም ጠርጋችሁ ካወጣችሁት፣ ደግሞ ምኑን ነው በየሳምንቱ የምትፈልጉት?» በሐምሌ ወር ይህን የመለሰለት ሰው አልነበረም። «በየሳምንቱ ተመለሱ» ተብሏል እንጂ ለምን እንደሆነ አልተነገረውም።

ኅዳር ላይ፣ የገብስ አጨዳው ሳያልቅ፣ ሳል ጀመራት። ትንሽ ቆይቶ አክታዋ ደም መቀላቀል ጀመረ። ምሽት ምሽት ያተኩሳታል፤ ከስታለች። በአቅራቢያዋ ወዳለ የጤና ተቋም ሄደች። አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ሲመረመር የቲቢ ባክቴሪያ አልተገኘም። የደረት ኤክስሬይ ላይ ግን ክብ ክብ ጥላ ታየ። የባክቴሪያ ማስረጃ የሌለው ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ተጀመረላት። ቲቢ በሞላበት አገር ደም የምታስል፣ የከሳች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ቲቢ ማሰብ ያለ ነገር ነው፤ አልወቅሰውም። ክፍተቱ ሌላ ነው፦ ስለ ሳንባዋ ብቻ ተጠየቀች፤ ስለ ማህፀኗ የጠየቃት አልነበረም። በየጊዜው ከማህፀኗ ብቅ የሚለውን ደም እሷ የወሊድ መከላከያው ኪኒን ያመጣው ነው ብላ ለማንም አላነሳችውም።

መድኃኒቱን በታማኝነት ዋጠች። ሳሉ አልተሻላትም። አማቷ ጻድቃኔ ማርያም ወስደው ጠበል አስጠመቋት፤ እዚያም ሆና ኪኒኗን አላቋረጠችም።

ምርመራው እንዴት ተስተካከለ

ነገሩን ያስተካከለችው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ለጎረቤት ሕፃን ክትባት ስትዞር እግረ መንገዷን ገባች፤ ስታስል አየቻት። ቀድሞ ታውቃት ስለነበር «እህቴ፣ ያ ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን የተደረገልሽ ነገር፣ የደም ምርመራው አለቀ?» አለቻት። «አላለቀም፤ መንገዱ ከበደንና ቀረን» አለች። ባለሙያዋ ከሆስፒታሉ የተሰጣትን ወረቀት አስወጥታ አየች። ጤና ኬላ ወስዳ ያንኑ ኤች ሲ ጂ የሚያሳየውን የሽንት የእርግዝና ምርመራ አደረገችላት፤ መስመሩ ሁለት ሆኖ ወጣ፤ ሆርሞኑ አለ ማለት ነው። በዚያው ቀን ሪፈር ጻፈች፤ ወረቀቱ ላይ «ሞላር የነበራት፣ ደም የምታስል» የሚል ሐረግ ጨመረችበት። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስታውስ ብባል የማስታውሰው ይህን ሐረግ ነው። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ወረቀት ላይ የተገናኙት ያኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ስትደርስ መጀመሪያ የተጠረጠረው አዲስ እርግዝና ነበር። ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። ለቲቢ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት የወሊድ መከላከያ ሆርሞንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ኪኒን እየዋጠች ማርገዝ ትችላለች። ስለዚህ የእርግዝና ምርመራው አዎንታዊ መሆኑ ብቻውን ምንም አይወስንም። የወሰኑት ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሆነው ነው፦ የደም ኤች ሲ ጂዋ ወደ 38,000 ገደማ ነበር፤ አልትራሳውንዱ ላይ ግን ፅንስ የሚይዝ ከረጢት አልታየም። ሆርሞኑ እዚህ ከደረሰ ጤናማ እርግዝና በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ይልቁንም በማህፀኑ ግድግዳ ውስጥ ከሦስት ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ነበር። በደረት ኤክስሬይ ላይ ሦስት ክብ ጥላዎች ተቆጠሩ።

ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ተከለከለ። በዚህ በሽታ ምርመራውን ለማረጋገጥ ሥጋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ከተነካ ደሙን ማቆም ያስቸግራል። የማህፀንና የሳንባ ምስሉ ከኤች ሲ ጂው ጋር ሲደመር በቂ ነው። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ንጹሕ ነበር። የቲቢ መድኃኒቱ ቆመ።

የበሽታው ጠባይ

ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው የተለመደው የካንሰር አስተሳሰብ ለዚህ በሽታ ስለማይሠራ ነው።

ማንኛዋም ነፍሰ ጡር በሆድዋ የምትሸከመው ሥጋ ግማሹ የባሏ ነው። ኩላሊት ከባሏ ተወስዶ ቢተከልላት ያለ መድኃኒት ሰውነቷ ይጥለዋል፤ ፅንሱን ግን ዘጠኝ ወር ይሸከመዋል። ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1953 በግልጽ ያነሳው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ነው፤ የሥነ ተዋልዶ ኢሚዩኖሎጂ የሚባለው የጥናት መስክም ከዚህ ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከእንግዴ ልጁ ውጫዊ ሕዋሳት፣ ከትሮፎብላስት ነው። በሰውነታችን ያሉ ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም የማንነት ምልክት ላያቸው ላይ ያወጣሉ፤ የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ባዕድን የሚለየው በዚያ ነው። የእናቲቱን ደምና ሥጋ የሚነኩት ትሮፎብላስቶች ዋና ዋናዎቹን፣ ኤች ኤል ኤ ኤ እና ኤች ኤል ኤ ቢ የተባሉትን ምልክቶች አያወጡም። ወደ እናቲቱ ሥጋ ዘልቀው የሚገቡት ደግሞ በምትካቸው ኤች ኤል ኤ ጂ የተባለ፣ መከላከያውን የሚያረጋጋ ምልክት ያወጣሉ። ፒ ዲ ኤል አንድ የተባለ የአጥቂ ሕዋስን ክንድ የሚያዝል ፕሮቲንም በብዛት አላቸው።

ሙሉ ሞላር እርግዝና ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል። የእናቲቱ የዘር ቁስ በሌለበት እንቁላል ውስጥ የወንዱ ዘር ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ዘር ራሱን ያባዛል። የሚያድገው ሥጋ የዘር ቁሱ ሙሉ በሙሉ የአባት ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚነሳው ካንሰር ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ ይለያል፤ የታማሚዋ የራሷ ሕዋስ አይደለም፣ የሌላ ሰው ሥጋ ነው። ሰውነቷ ሊያየው ይገባ ነበር፤ ግን እንግዴ ልጅ በጤናማው እርግዝና የሚሰወርበትን መንገድ ሁሉ ይዞ ነው የሚሰራጨው።

ከሐምሌው ሕክምና የተቀመጠው ናሙና ላይ በኋላ ምርመራ ተደርጓል። ፒ 57 የተባለው ፕሮቲን የሚሠራው ከእናት በሚመጣው ጂን ነው፤ የአባቱ ቅጂ ዝም ያለ ነው። በእሷ ናሙና ይህ ፕሮቲን ሊኖርበት በሚገባው የሕዋስ ረድፍ ላይ አልታየም። የእናት ጂን የለም ማለት ነው፤ ሙሉ ሞላር መሆኑ ተረጋገጠ። ይህን ለእሷ ማስረዳት ጥቅሙ ብዙ ነበር፤ ምክንያቱም በመንደሩ «ያልታደለች ማህፀን» እያሉ ያሟት ነበር። ከማህፀኗ ጉድለት እንዳልመጣ፣ እሷ ያደረገችው ወይም የተወችው ነገር እንዳላመጣው በባሏና በአማቷ ፊት ተነገራት።

ሕክምናውም ከዚህ ጠባይ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሚን ቺዩ ሊ እና ሮይ ኸርትዝ ሳንባ የገባን እንዲህ ያለ ካንሰር በሜቶትሬክሴት እንዳዳኑ አሳወቁ። ጠጣር ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሲድን የመጀመሪያው ነበር። ሊ ዕጢው ከዓይን ከጠፋ በኋላም የሆርሞኑ ቁጥር እስኪጠፋ መድኃኒቱን ቀጠለ፤ «ለዳነች ሴት መርዝ ትሰጣለህ» በሚል ተቃውሞ ሥራውን እስከ ማጣት ደረሰ። በኋላ ግን የእሱ አካሄድ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ደንብ እሱ ነው፦ የሚታመነው ቁጥሩ ነው።

የተሰጣት ሕክምና

የዓለም አቀፉ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በሽታውን የሚመዝንበት የነጥብ ሠንጠረዥ አለ። ዕድሜዋ ከ40 በታች ነው፣ ዜሮ። ቀድሞ የነበረው እርግዝና ሞላር ነው፣ ዜሮ። ከዚያ እርግዝና ወዲህ ከአራት ወር በላይ አልፏል፣ አንድ። የኤች ሲ ጂው መጠን ሁለት ነጥብ፣ የዕጢው ስፋት አንድ፣ ሳንባ መሆኑ ዜሮ፣ ሦስት ቦታ መታየቱ አንድ። ድምሩ 5 ነው። እስከ 6 ያለው ዝቅተኛ አደጋ ይባላል፤ በአንድ መድኃኒት ይጀመራል። 7 እና ከዚያ በላይ ቢሆን አምስት መድኃኒት ያለው ከባድ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር። አንድ ወር ተኩል ገደማ በቲቢ መድኃኒት ያለፈው ጊዜ ትንሽ ረዝሞ ቢሆን ኖሮ ከዚያኛው ወገን ትሆን ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር አዲስ አበባ በሚገኝ ሪፈራል ሆስፒታል ተኝታ ወሰደች፤ ዕጢው ሲሟሟ ሊደማ ስለሚችል ነው። አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት በመርፌ፣ በማግስቱ ፎሊኒክ አሲድ በአፍ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ስምንት ቀን ይሄዳል፤ ዙሩ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ፎሊኒክ አሲዱ ጤናማ ሕዋሷን ከመድኃኒቱ ጉዳት ይጠብቃል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው አይረን ፎሌት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፎሊክ አሲዱ የሜቶትሬክሴቱን ሥራ ስለሚቃወም እንዳትወስድ ለጤና ጣቢያውም ለእሷም ተነገረ። ደም አንሷት ስለነበር ሳይነገር ቢቀር በቅንነት ይሰጧት ነበር።

ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ። ሁለተኛው ዙር ላይ አፏ ቆሰለ፤ ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና በደረቅ እንጀራና በበርበሬ ወጥ ተቸገረች። የንስሐ አባቷ ለበሽተኛ ጾም እንደማይጠበቅባት ነግረዋት ወተትና አጥሚት ጀመረች። ከእኛ ምክር ይልቅ የእሳቸው ቃል ነበር የሠራው።

ከሦስት ዙር በኋላ ኤች ሲ ጂው ጥቂት መቶዎች ላይ ደርሶ ቆመ። ሳምንት ጠብቀን ደገምን፤ ያው ነው። ይህ ዕጢው ለሜቶትሬክሴት እንደማይታዘዝ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ነጥባቸው 5 እና 6 በሆኑ ሴቶች ያጋጥማል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ወደ አምስቱ መድኃኒት መሄድ አላስፈለገም፤ አክቲኖማይሲን ዲ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ተሰጣት። ሚያዝያ ላይ ሆርሞኑ ወደ ጤናማው መጠን፣ ከ5 በታች ወረደ። ከዚያም በኋላ ሦስት ዙር ተጨመረ፤ በደም የማይታይ ቅሪት እንዳይኖር ነው። ዙሮቹ ግንቦት መጨረሻ ላይ አለቁ።

ሁለቱም መድኃኒቶች ባይሠሩ ኖሮ ምን ይቀር ነበር? እዚህ ላይ የምርምሩ ውጤት ይመጣል። ፒ ዲ ኤል አንድን የሚዘጋው አቬሉማብ ለመድኃኒት እምቢ ባለ እንዲህ ያለ ዕጢ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት ላይ አንድ መድኃኒት ካልሠራላቸው 15 ሴቶች ውስጥ በ8ቱ ሆርሞኑ ወደ ጤናማው መጠን ተመልሷል። ዕጢው የተሰወረበትን መጋረጃ ማንሳት ይቻላል ማለት ነው። ለመንዝ ገበሬ ይህ መድኃኒት ዛሬ በእጅ የሚገባ አይደለም። ለዚህም ነው በቀላሉ የሚገኙት መድኃኒቶች በሚሠሩበት ጊዜ በሽታውን መያዝ እንዲህ የሚያሳስበኝ።

ክትትሉን ወደ መንዝ መውሰድ

መድኃኒቱን ደብረ ብርሃን እንድትወስድ ተስማማን፤ እዚያ አክስቷ ስላለች በዙሩ ቀናት እሷ ዘንድ ታድራለች። የቀረው ጥያቄ በዙሮቹ መካከልና ከዚያ በኋላ የሚደረገው የደም ምርመራ ነበር። ሐምሌ ላይ የፈረሰው እሱ ነው፤ በዚያው መንገድ ብንደግመው እንደገና ይፈርሳል።

መፍትሔው አዲስ ነገር መፍጠር አልነበረም። ለቲቢና ለኤች አይ ቪ ምርመራ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላብራቶሪ የሚያመላልስ መስመር ቀድሞውኑ አለ። ደሟ በቀጠሮው ቀን በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ይቀዳል፤ ሴረሙ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለያል፤ በማቀዝቀዣ ሳጥን ከሌሎቹ ናሙናዎች ጋር ይጫናል። ኤች ሲ ጂ በቅዝቃዜ ለቀናት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ይህ ይቻላል። አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ ነበርን፦ ሁልጊዜ የሚመረመረው አንድ ላብራቶሪ ነው። የየመሣሪያው ውጤት ስለሚለያይ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ከተለካ ቁጥሩ ወጣ ወይስ ወረደ ለማለት አይቻልም። የነጭ ደም ሕዋስና የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይታይ ስለነበር፣ ደሟ ለሚቀጥለው ዙር ያልደረሰ እንደሆነ ከቤቷ ሳትነሳ ይነገራታል።

ሁለተኛው ለባሏ ጥያቄ መልስ መስጠት ነበር። የሠራው ማብራሪያ አንዲት ነርስ የሰጠችው ነው። «ከማሳ ላይ አረም ነቅለህ ሥሩ ቢቀር ከላይ ባዶ መሬት ነው የምታየው፤ እኛ በደሟ የምንፈልገው ያንን ሥር ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ራሱ ይከታተል ጀመር። በአማርኛ የተዘጋጀ ካርድ ሰጠነው፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጻፍበታል። አማቷም ካርዱን እያስነበቡ ወረደ ወይስ ወጣ ብለው ይጠይቃሉ። የወሊድ መከላከያውን ነገር ያቀለለውም ካርዱ ነው። አዲስ እርግዝና ያንኑ ሆርሞን ስለሚያመነጭ በሽታው መመለሱ ከማይታወቅበት ደረጃ ያደርሳል፤ ይህን በቁጥር ሲያዩት «ልጅ ከለከሉን» ማለታቸው ቀረ።

ጠበሉን በተመለከተ የከለከለ አልነበረም። ቀኖቹ ከመርፌው ቀናት ጋር እንዳይጋጩ ብቻ አብረን ቆጠርን። የጤና መድን ስለነበራቸው የሆስፒታሉ ክፍያ ቀለለ፤ መጓጓዣው ግን ከኪሳቸው ነው የወጣው።

ያልሠራው

ስልክ መደወል አልሠራም። ስልኩ የባሏ ነው፤ እርሻ ላይ ሲሆን ኔትወርክ የለም። መልእክት ሲደርሰው ቀኑ አልፎ ይሆናል። የተሻለው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል መላክ ነበር፤ ነገር ግን እሷም በወሊድ ፈቃድ ላይ በነበረችበት ጊዜ ተተኪዋ ነገሩን ስለማታውቅ አንድ ቀጠሮ አመለጠ። ሥራው በአንዲት ትጉህ ሴት ላይ መንጠልጠሉ ድክመቱ ነው።

መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋ ጊዜ አንድ ናሙና ሳጥኑ ውስጥ ሞቆ ተጣለ። ለዚህ መውጫ አላገኘንም፤ መንገዱ ሲከፈት እንደገና መቅዳት ብቻ ነው። ፎሊኒክ አሲድም በአንድ ወቅት ከመጋዘን አልቆ ከግል መድኃኒት ቤት ተገዛ፤ ያን ጊዜ ሁለት በግ ተሸጧል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የሐምሌው የናሙና ምርመራ ውጤት ነው። ውጤቱ ተጽፎ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም። የቲቢ መድኃኒቱን የጀመሩት ባለሙያዎች ወረቀቱን ይዘው ቢሆን ጥያቄያቸው ሌላ ይሆን ነበር።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ደም የምታስል፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ስትመጣና የባክቴሪያ ማስረጃ ካልተገኘ፣ የቲቢ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሽንት የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት። ምርመራው ጤና ኬላ ውስጥ ሳይቀር አለ፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከእሱ ጋር ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ መቼ ነው ያረገዝሽው፣ እንዴት አለቀ፣ ከዚያ ወዲህ ደም ይፈስሻል ወይ። ሞላር ብቻ አይደለም፤ ከውርጃ በኋላም፣ ጤናማ ልጅ ከተወለደ በኋላም ይህ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ከጤናማ ወሊድ በኋላ የሚነሳው ደግሞ ማንም ስለማይጠረጥረው ዘግይቶ ነው የሚገኘው።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ሆርሞኑ እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ የሽንት ምርመራው «የለም» ብሎ ሊያሳስት ይችላል፤ መመርመሪያው በሆርሞኑ ብዛት ስለሚጨናነቅ ነው። ምልክቱና ውጤቱ ካልተስማሙ ሽንቱን በውኃ አቅጥኖ መድገም፣ ከተቻለም በደም መለካት ያስፈልጋል።

ሞላር የተጠረገላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ሥራው እንዳላለቀ አብሯት ያለው ሰው መረዳት አለበት፤ እሷ ብቻ ከተረዳችው አይበቃም፤ የበጉን ሽያጭ የምትወስነው እሷ ብቻ አይደለችም። ሆስፒታሉ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በስሟ መልእክት ይላክ፤ ባለሙያዋ ስትቀየር ለተተኪዋ የሚያስረክብ መዝገብ ይኑር። ናሙናው ይጓዝ እንጂ ሴትየዋ በየሳምንቱ አትጓዝ። ይህ ለመንዝ ብቻ አይደለም፤ ለመርሐ ቤቴም፣ ለግሼ ራቤልም፣ ለአንኮበር ቆላም ይሠራል፤ የቲቢ ናሙና የሚሄድበት መስመር ባለበት ሁሉ ይሠራል።

አሁን ያለችበት

ኤች ሲ ጂዋ በየወሩ ይለካል፤ ከ5 በታች እንደሆነ ነው። የሳንባዋ ጥላ ሁለቱ ጠፍተዋል፤ አንዱ ትንሽ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፤ ሆርሞኑ ከሌለ ጠባሳው ሕክምና አያስፈልገውም። ፀጉሯ ሳስቶ ነበር፣ ተመልሷል።

ባለፈው ቀጠሮ ባልና ሚስት አብረው መጡ። መቼ ልጅ መውለድ እንደሚችሉ ጠየቁ። መድኃኒቱ ካለቀ አንድ ዓመት እንዲሞላ ተነገራቸው፤ ማህፀኗ ደኅና ነው፣ ሞላሩ የመደገም ዕድሉም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ለሚቀጥለው እርግዝና ሦስት ነገር ጽፈንላቸዋል፦ እንዳረገዘች ቶሎ አልትራሳውንድ ትነሣ፣ ስትወልድ እንግዴ ልጁ ሳይጣል ለምርመራ ይላክ፣ ከወለደች ከስድስት ሳምንት በኋላ ኤች ሲ ጂዋ አንድ ጊዜ ይለካ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ተመሳሳዩን በራሷ መዝገብ ላይ ገልብጣዋለች።